737 ላይ ኤፒዩ አነሳስ፦ ከጨለማ ኮክፒት ጀምሮ

አራት ኪሎ የምኖርበት ህንፃ ስር አንድ ፎቶኮፒ ቤት አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጁ የሚያደርገውን ሁሌ አየዋለሁ፣ ጀነሬተሩን ጎትቶ በር ላይ ያወጣል፣ ነዳጅ ይኑረው አይኑረው ነቅነቅ አርጎ ያዳምጣል፣ ገመዱን ሁለት ሶስቴ ይስባል፣ ሲነሳለት ግን ወዲያው ማሽኑን አይሰካም፣ ድምፁ እስኪረጋለት ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዛ ነው ማዞሪያውን ከመብራት ኃይል ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው። እንግዲህ ኤፒዩ ማለት በአጭሩ ይሄ ነው። አውሮፕላኑ ጭራው ውስጥ የተሸከመው ጀነሬተር፣ ልዩነቱ በቤንዚን የሚንደቀደቅ ሳይሆን ራሱ ትንሽ ጄት ሞተር መሆኑ ነው፣ መብራት ብቻ ሳይሆን የተጨመቀ አየርም ይሰጣል፣ በዛ አየር ነው ትልልቆቹ ሞተሮች የሚነሱት።

ይሄን የምፅፈው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የበረራ ሲሙሌተር ለሚጫወት ሰው ነው። ብዙ ልጆች ቦይንግ 737-800 ጭነው ከቦሌ ራንዌይ ላይ ሞተር በርቶ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነው የሚጀምሩት፣ አንድ ቀን "ኮልድ ኤንድ ዳርክ" የሚባለውን ሲከፍቱት፣ ማለት አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ቆሞ፣ ግራ ይገባቸዋል፣ ያገኙትን ስዊች ሁሉ መጫን ይጀምራሉ። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነው፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና ሊጠጣ ይመጣና አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። "አንተ ልጅ፣ ማን አሳደደህ?" ይለኛል ስዊች ላይ ስጣደፍ። እና ከታች ያለው አብዛኛው የሱ ንግግር ነው፣ ስህተቶቹ ግን የኔ ናቸው።

(እውነተኛ አውሮፕላን ላይ የሚሰራ ሰው ካለ ይሄን ሳይሆን የድርጅቱን ማንዋል ነው የሚከተለው፣ ይሄ ግልፅ ይመስለኛል ግን ልበል።)

ስዊች ከመንካታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ስራ ማየት ነው። አጎቴ እዚህ ላይ በጣም ችኮ ነው፣ እጅህን ጭንህ ላይ አርግና በአይንህ ብቻ ዙር ይላል። ምክንያቱም አሁን መብራት የሌለው አውሮፕላን ላይ መብራት ልትለቁበት ነው፣ መብራት ሲመጣ ሳታስቡት የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ እውነተኛው አለም ላይ ክንፉ ስር ሰው ሊኖር ይችላል። ቤታችሁም መብራት ሲጠፋ ምድጃው በርቶ እንደነበር ረስታችሁ ብትወጡ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ፦ የኤሌክትሪክ ሃይድሮሊክ ፓምፖቹ ሁለቱም ኦፍ መሆናቸውን፣ የመስኮት መጥረጊያው ፓርክ ላይ መሆኑን፣ የኦልተርኔት ፍላፕ ማስተር ስዊች (የክንፉን ፍላፕ በመጠባበቂያ መንገድ የሚያንቀሳቅሰው) ክዳኑ የተዘጋ መሆኑን፣ የጎማው ሌቨር ደግሞ ታች መሆኑን እዩ። ሲሙሌተር ላይ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆነው ነው የምታገኟቸው ግን ልምዱ ነው ዋናው፣ አንዳንድ ጊዜም የባለፈው በረራ ላይ እንዳለ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ስዊች አለ፣ በተለይ አውሮፕላኑ ያለበትን ሁኔታ ሴቭ የሚያደርግ ከሆነ።

ባትሪ

ከላይ ኦቨርሄድ ፓኔል ላይ፣ በግራ በኩል፣ ክዳን ያለው የባትሪ ስዊች አለ። ክዳኑን ስትዘጉት ስዊቹ ራሱ ኦን ይሆናል። ከሱ ብዙ ሳይርቅ ስታንድባይ ፓወር የሚባል ሌላ ክዳን ያለው ስዊች አለ፣ እሱም ክዳኑ ተዘግቶ ኦቶ ላይ መሆን አለበት። አሁን ጥቂት መብራቶች ይበራሉ፣ የካፒቴኑ በኩል ያለው ስክሪን ከፊሉ ይነሳል፣ ሌላው ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ማለት ነው፣ ግን ጨለማ ነው። ተበላሸ እንዳትሉ። ባትሪው ሁሉንም ነገር እንዲሸከም አልተሰራም።

የባትሪውን ጉልበት ለማየት የዲሲ መምረጫውን ወደ ባት አዙሩት፣ ትንሿ መስኮት ላይ ቮልቱ ይወጣል። ባትሪው 24 ቮልት የሚባለው አይነት ነው፣ ከ22 እስከ 30 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። የሞላ አንድ ባትሪ ዋና ዋና መሳሪያዎችን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያቆያል፣ ሁለት ባትሪ ያለው ሞዴል ደግሞ ለ60። ይሄ ረጅም ይመስላል ግን ባትሪው ሌላ ስራም አለበት፣ ኤፒዩውን የሚያስነሳው ራሱ ነው። ቮልቱ ከፍ ወዳለ ተቀይሮ ነው ወደ ማስነሻው የሚሄደው፣ ማስነሻውና ጄነሬተሩ ደግሞ አንድ አካል ናቸው፣ መጀመሪያ መብራት በልቶ ኤፒዩውን ያሽከረክራል፣ ከተነሳ በኋላ ኤፒዩው እሱን እያሽከረከረ መብራት ያወጣል። ይሄን አጎቴ ሲያስረዳኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እና የኔ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ጋር ነበር። ባትሪ አብርቼ ስልክ ተደወለልኝ፣ ወጥቼ አወራሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ስመለስ ቮልቱ ወርዶ ኤፒዩው እምቢ አለ። በሲሙሌተር ነው ብላችሁ አትናቁት፣ አንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ባትሪውን በትክክል ነው የሚያደክሙት። ባትሪ ካበራችሁ ስራችሁን ጨርሱ።

የእሳት ቴስት

ይሄን የሚዘለው ሰው ብዛት! እኔ ራሴ ስድስት ወር ዘልያለሁ። ኤፒዩ ጭራ ውስጥ የተቀመጠ የሚነድ ነገር ነው፣ ከኮክፒት አይታይም፣ አይሸትም፣ እሳት ቢነሳ የምታውቁት እዛ ባለችው ሙቀት በምትለይ ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦዋ በህይወት መኖሯን ሳታረጋግጡ አታስነሱም።

በሁለቱ ወንበሮች መሀል ወደኋላ የእሳት ፓኔሉ አለ፣ ሶስት እጀታ፣ አንደኛ ሞተር፣ ኤፒዩ፣ ሁለተኛ ሞተር። ሶስቱም ገብተው መቀመጣቸውን እዩ። ከዛ የቴስት ስዊቹን መጀመሪያ ወደ ፎልት በኩል ያዙት፣ የፎልት መብራትና የኤፒዩ ዲት ኢንኦፕ የምትባለዋ ይበራሉ፣ ማለት መሳሪያው "ተበላሽቻለሁ" ማለት መቻሉን ነው የምታዩት። ቀጥሎ ወደ ፋየር በኩል ያዙት፣ ደወሉ ይጮሃል፣ ቀይ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ሶስቱም እጀታዎች ይቀላሉ። ማታ ከሆነ ስፒከራችሁን ቀንሱ። እናቴ አንዴ ከኩሽና ሮጣ መጥታለች። እውነተኛው ላይ ደግሞ መሬት ላይ ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ መንገር ግድ ነው፣ ጎማው ክፍል ውስጥም የኤፒዩ እሳት ማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ስላለ።

በመጨረሻ የማጥፊያ ጠርሙሶቹን ቴስት ወደ 1 ከዛ ወደ 2፣ ሶስት አረንጓዴ መብራት በሁለቱም ጊዜ። አለቀ።

ማስነሳት

አሁን ወደ ላይ። ኦቨርሄዱ ላይ የኤፒዩ ስዊች ሶስት ቦታ አለው፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ስታርት። ወደ ስታርት ትገፉና ትለቁታላችሁ፣ ራሱ ወደ ኦን ይመለሳል። ይዛችሁ አትቆዩ፣ የመኪና ቁልፍ አይደለም፣ ያሮጌ ቪትዝ ይመስል እርር እርር አታርጉት። አንዴ ከነካችሁት በኋላ ያለውን ስራ የሚሰራው ኮምፒውተሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም የሆነ አይመስልም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አልነሳም ብሎ ስዊቹን ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል፣ መልሶ ያጠፋል። የሆነው ግን ይሄ ነው፦ ጭራው አጠገብ በቀኝ በኩል አየር የሚገባበት በር አለ፣ መጀመሪያ እሱ በር ይከፈታል፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ማሽከርከር አይጀመርም። ከዛ መሽከርከር ይጀምራል፣ ነዳጅ ይገባል፣ ይቀጣጠላል። ሁሉም ተደምሮ እስከ 120 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ሁለት ደቂቃ። ሰው ሊፍት ሲጠብቅ አስር ሰከንድ ሳይሞላ ቁልፉን ደጋግሞ እንደሚጫነው አታርጉ።

በዚህ ጊዜ የምታዩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የዘይት ግፊት ማነስ መብራት ነው፣ ማስነሳቱ ሲጀመር ብትበራ አትደንግጡ፣ ዘይቱ ግፊት ገና ስላልያዘ ነው፣ ሲይዝ ራሷ ትጠፋለች። ሁለተኛው ኢጂቲ የሚባለው ሰዓት ነው፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ። መርፌው መጀመሪያ ፈዞ ይቆይና ከዛ ሽቅብ ይወጣል፣ ከፍ ብሎ ጫፍ ይነካና ትንሽ ወርዶ ይረጋል። አጎቴ መርፌው ሲወጣ ነው ፊቱ የሚፈታው። "አሁን በላ" ይላል፣ ነዳጁን ማለቱ ነው።

ነዳጅ ካነሳን፣ ኤፒዩው የሚጠጣው በተለምዶ ከግራው ታንክ፣ ከአንድ ቁጥር ነው። ፓምፕ ሳይበራም ስቦ መነሳት ይችላል፣ ለዛ ነው በባትሪ ብቻ ማስነሳት የሚቻለው። ግን መብራት ከመጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ የምታቆዩት ከሆነ የግራውን የፊት ፓምፕ አብሩለት፣ እየሳበ ሲኖር የነዳጅ መቆጣጠሪያው ዕድሜ ያጥራል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ግራው ታንክ ለምን ከቀኙ እንደሚቀንስ ሳስብ ከርሜያለሁ። በሰዓት መቶ ኪሎ አካባቢ ይጠጣል፣ ቀላል አይደለም፣ ለዛ ነው ኤርፖርቱ መሳፈሪያ በር ላይ ሲቆሙ የመሬት መብራት፣ ማለት ከውጪ በገመድ የሚሰካ ኤሌክትሪክ፣ ካለ እሱን የሚመርጡት።

ፎልት (ብልሽት) ወይም ኦቨርስፒድ (ከልክ በላይ ፍጥነት) የሚለው መብራት በርቶ ራሱ ከጠፋ አትታገሉት። ኮምፒውተሩ ያጠፋው ምክንያት ስላለው ነው። ባትሪውን እዩ፣ ነዳጁን እዩ፣ የእሳት እጀታው በስህተት ተስቦ እንደሆነ እዩ፣ ከዛ አንዴ ሞክሩ። ደጋግሞ ማስነሳት ባትሪውንም ይጨርሳል ማስነሻውንም ያግላል። ሰማያዊዋ ሜይንት የምትለዋ ደግሞ የጥገና ጉዳይ ናት።

መብራቱን ማዞር

ኤፒዩው ሲደርስ ኤፒዩ ጄን ኦፍ ባስ የምትል ሰማያዊ መብራት ትበራለች። ትርጉሟ "እኔ ተዘጋጅቻለሁ፣ ግን ማንም አልተጠቀመብኝም" ነው። ፎቶኮፒ ቤቱ ጋር ጀነሬተሩ እየጮኸ ማዞሪያው ገና ያልዞረበት ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ደርሶ ተነሳልኝ ብሎ ወደ ሞተር የሚሄድ አለ፣ ኮክፒቱ አሁንም በባትሪ ላይ እንደሆነ አላስተዋለም።

ሰማያዊዋ ዙሪያ ሁለት የኤፒዩ ጄነሬተር ስዊቾች አሉ፣ ግራና ቀኝ። ሁለቱንም ወደ ኦን ተጫኗቸው። ሁለቱንም! አንዱን ብቻ ስትጫኑ ሁለቱም በኩል መብራት ያገኛል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር የበራ ይመስላችኋል፣ ግን በሌላው በኩል ሶርስ ኦፍ የምትለዋ ብርቱካናማ መብራት እንደበራች ትቀራለች። እኔ ሳምንት ሙሉ ባግ ነው ብዬ ስሳደብ ነበር፣ አጎቴ መጥቶ በአንድ ጣት ጠቅ አርጎ አጠፋት፣ ምንም አላለኝም፣ ማኪያቶውን ነው የጠጣው።

አንድ የሚገርም ነገር፣ በዚህ አውሮፕላን ላይ ሁለት የመብራት ምንጮች አንድ መስመር ላይ አብረው አይገቡም። አዲሱን ስታስገቡ አሮጌው ይወጣል። ልክ እንደ ማዞሪያው ነው፣ ወይ መብራት ኃይል ወይ ጀነሬተር። ስለዚህ በመሬት መብራት ላይ ከነበራችሁ መጀመሪያ እሱን ማጥፋት አይጠበቅባችሁም፣ የኤፒዩውን ስትጫኑ ራሱ ይለቃል። አሁን የኤሲ መምረጫውን ወደ ኤፒዩ ጄን አዙሩና ተመልከቱ፣ 115 ቮልት አካባቢና 400 ኸርዝ አካባቢ ማየት አለባችሁ። የቤታችን 50 ኸርዝ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ከፍ ያደረጉት ትራንስፎርመሩና ሞተሩ ትንሽና ቀላል እንዲሆን ነው፣ ክብደት እዛ ገንዘብ ነው።

አየሩን መልቀቅ

መብራት ወዲያው መውሰድ ይቻላል፣ አየሩን ግን አትጣደፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን ይሩጥ፣ ይሙቅ፣ ከዛ የኤፒዩ ብሊድ ስዊችን ኦን አርጉ። ክረምት ጠዋት መኪና አስነስቶ ወዲያው ወደ እንጦጦ ዳገት የሚነዳ ሰው ሞተሩን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ አይደል።

ብሊዱን ካበራችሁ ፓክ ከሚባሉት፣ ማለት ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ፣ በአንዱ ካቢኑን ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ። ሞተር ለማስነሳት ስትደርሱ ግን ሁለቱንም ፓክ ኦፍ። የኤፒዩው አየር የሚገባው በግራ በኩል ባለው ቧንቧ ነው፣ ቀኙ ሞተር ጋር እንዲደርስ መሀል ያለው አይሶሌሽን ቫልቭ መከፈት አለበት፣ ኦቶ ላይ ከሆነ ፓኮቹ ሲጠፉ ራሱ ይከፈታል። ፓክ ሳያጠፉ "ሁለተኛ ሞተር አልዞር አለኝ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ከቦሌ የምትነሱ ከሆነ ደግሞ የአየር ግፊት መርፌው ዩቲዩብ ላይ ካያችሁት ዝቅ ብሎ ሊታያችሁ ይችላል። ቦሌ ከባህር ወለል 2300 ሜትር በላይ ነው፣ 7600 ጫማ ምናምን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተር ለማስነሳት ባህር ዳርቻ ላይ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚጠየቀው በየሺ ጫማው በግማሽ ፒኤስአይ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እዚህ ወደ 26 ነው። ሂሳቡን ያልሰራ ሰው ተበላሸ ብሎ ይፈራል።

ድሪምላይነር፣ ማለት ቦይንግ 787፣ ለሚያበር ግን ይሄ የአየር ክፍል አይሰራም። 787 ላይ ኤፒዩው አየር አይሰጥም፣ መብራት ብቻ ነው፣ ሞተሩም በኤሌክትሪክ ነው የሚነሳው። ብሊድ ስዊች ፍለጋ ሰዓት አታባክኑ።

አየር ላይ እያሉስ? የ737ቱ ኤፒዩ እስከ 41000 ጫማ ድረስ ሊነሳ ይችላል፣ አየር የሚሰጠው ግን እስከ 17000 ብቻ ነው፣ መብራትና አየር አንድ ላይ ደግሞ እስከ 10000። ሞተር ሲጠፋባችሁ መለማመድ ከፈለጋችሁ ይሄን በጭንቅላት መያዝ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ላይ ሀድሰን ወንዝ ያረፈው ኤርባስ A320፣ ካፒቴን ሰለንበርገር ወፎቹ ሁለቱንም ሞተር እንደመቱበት ገና ቼክሊስቱ እዛ ሳይደርስ ኤፒዩውን አስነስቷል፣ በዛም አውሮፕላኑ መብራት ሳያጣ ውሃው ላይ ደርሷል። አጎቴ ይሄን ታሪክ ሲያወራ ስለ ማረፉ ሳይሆን ስለ ኤፒዩው ነው የሚያወራው፣ ሜካኒክ ስለሆነ ይሁን አላውቅም።

ማጥፋት

ሁለቱም ሞተር ተነስቶ የየራሳቸው ጄነሬተር መስመር ላይ ከገባ በኋላ፣ ብሊዱን ኦፍ፣ ከዛ የኤፒዩ ስዊቹን ኦፍ። ሰማያዊዋ ትጠፋለች። ኤፒዩው ግን አልጠፋም፣ ለ60 ሰከንድ ያህል ባዶውን እየሮጠ ይቀዘቅዛል፣ ከዛ ነው ራሱ የሚቆመው። ይሄ በበረራ መጀመሪያ ላይ ምንም አያስቸግርም ምክንያቱም ባትሪውን አትነኩም።

ችግሩ ማታ ላይ ነው፣ አርፋችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ደክሟችሁ፣ እንቅልፍ መጥቶ፣ ኤፒዩ ኦፍ ባትሪ ኦፍ ጠቅ ጠቅ አርጋችሁ ኮምፒውተሩን የምትዘጉበት። መሬት ላይ ባትሪውን ስታጠፉ ኤፒዩው ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ይቆማል፣ የአየር በሩም ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሰማያዊዋ ከጠፋች በኋላ 120 ሰከንድ ቁጠሩ። እኔ ካሜራውን ወደ ውጪ አወጣና ጭራው ጋር ሄጄ ያቺ ትንሽ በር እስክትዘጋ አያታለሁ፣ ከዛ ተመልሼ የባትሪውን ክዳን አነሳለሁ፣ ኦፍ።